የበር ኢንተርኮምን ከርቀት በጽሑፍ ትእዛዝ ስለ መቆጣጠር

ከኔትወርክ ጋር የተገናኘ የበር ኢንተርኮም ደጅ የቆመን ሰው ከማነጋገር ባለፈ፣ ከኮምፒውተር የሚላክለትን አጭር የጽሑፍ ትእዛዝ ተቀብሎ በር ይከፍታል፣ ስልክ ይደውላል፣ ያለበትንም ሁኔታ ያሳውቃል። የትእዛዙ አጻጻፍ እንደ አምራቹ ስለሚለያይ፣ እዚህ የሚቀርበው 2ኤን የተባለው የቼክ ኩባንያ ኢንተርኮሞች በኤችቲቲፒ (ድረ ገጾች መረጃ በሚለዋወጡበት ደንብ) የሚቀበሉት ነው።

በመጀመሪያ ወደ መሣሪያው የማስተካከያ ገጽ ገብተው ከአገልግሎቶች መካከል የኤችቲቲፒ ኤፒአይን (ሌሎች ፕሮግራሞች መሣሪያውን የሚያዙበትን መንገድ) ይክፈቱ። እዚያ ከተዘረዘሩት ውስጥ ስዊችን (የበሩን ቁልፍ የሚያንቀሳቅሰውን የኢንተርኮሙን መውጫ) የሚመለከተውን ብቻ ያብሩ፤ ግንኙነቱ የተመሰጠረ፣ የማንነት ማረጋገጫውም ዳይጀስት የተባለው፣ የይለፍ ቃሉን ራሱን ሳይልክ የሚያረጋግጠው ዓይነት እንዲሆን ይምረጡ። ቤዚክ የሚባለው ዓይነት የይለፍ ቃሉን በቀላሉ ሊፈታ በሚችል መልክ ስለሚልክ፣ ምስጠራ በሌለበት ግንኙነት ላይ ፈጽሞ አይመከርም። ቀጥሎም ለዚህ ሥራ ብቻ የሚውልና በር ከመቆጣጠር የዘለለ ፈቃድ የሌለው የተጠቃሚ መለያ ይፍጠሩ፤ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል በትእዛዝ ፋይል ውስጥ መጻፍ የቤቱን ቁልፍ ሁሉ ለአንድ ተላላኪ እንደ መስጠት ነው።

ትእዛዙ ራሱ የድረ ገጽ አድራሻ መልክ አለው። የመሣሪያው አይፒ (በኔትወርኩ ውስጥ ያለው የቁጥር አድራሻ) ይቀድማል፤ ከዚያ ኤፒአይ፣ ስዊች እና ኮንትሮል የሚሉት ቃላት (የመጨረሻው ሲ፣ ቲ፣ አር፣ ኤል በሚሉ አራት ፊደላት አጥሮ) በሰያፍ መስመር (/) እየተለዩ ይከተላሉ። ከጥያቄ ምልክት በኋላ የስዊቹ ቁጥር፣ ለምሳሌ «switch=1»፣ ከ«&» ምልክት በኋላ ደግሞ የሚፈለገው ድርጊት፣ ለምሳሌ «action=trigger»፣ ይጻፋል። ከርል በተባለው ፕሮግራም ከሊኑክስ ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ ከሚገባበት መስኮት) የሚልኩ ከሆነ አድራሻውን በሙሉ በጥቅስ ምልክት ውስጥ ያስገቡት፤ አለበለዚያ ተርሚናሉ «&»ን የራሱ ምልክት አድርጎ ስለሚቆጥረው ድርጊቱን የሚገልጸው ክፍል ተቆርጦ ይቀራል፣ ኢንተርኮሙም ያልተሟላ ትእዛዝ ይደርሰዋል።

ከድርጊቶቹ መካከል የትኛው እንደሚመረጥ በጥንቃቄ ሊታሰብበት ይገባል። ስዊቹ በማስተካከያው ላይ ሞኖስቴብል ተብሎ ከተመደበ፣ ትሪገር የሚለው ትእዛዝ ለተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ ለ5 ሴኮንድ፣ ከፍቶ በራሱ ይመልሰዋል። ባይስቴብል ከሆነ ግን ያው ትእዛዝ የነበረውን ሁኔታ ስለሚገለብጥ፣ ሁለት ጊዜ የተላከ እንደሆነ የተከፈተውን መልሶ ይዘጋል። ለበር የሚሻለው የመጀመሪያው ነው፤ ምክንያቱም የመክፈቻ ትእዛዝ ከደረሰ በኋላ ኢንተርኔቱ ቢቋረጥና የመዝጊያው ትእዛዝ ሳይደርስ ቢቀር፣ በሩ ክፍት ሆኖ አያድርም።

ኢንተርኮሙ ለትእዛዙ ጄሶን በተባለው፣ ፕሮግራሞች በቀላሉ በሚያነቡት የጽሑፍ ቅርጽ መልስ ይሰጣል። መልሱ «401» የሚል የኤችቲቲፒ ቁጥር ከያዘ ችግሩ የማንነት ማረጋገጫው ላይ ስለሆነ መለያውን፣ የይለፍ ቃሉንና የተመረጠውን የማረጋገጫ ዓይነት ይመርምሩ። ትእዛዙ ተሳክቷል የሚል መልስ ሲመጣም ቢሆን፣ የተረጋገጠው መሣሪያው ትእዛዙን መቀበሉ ብቻ ነው፤ የቁልፉ ሽቦ ቢበጠስ ወይም በሩ ቢጣበቅ ኢንተርኮሙ ይህን ከስዊቹ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ በሩ ላይ ማግኔታዊ የበር ዳሳሽ ተክለው ከኢንተርኮሙ የምልክት መግቢያ (ኢንፑት) ጋር ያገናኙ፤ ከእያንዳንዱ ትእዛዝ በኋላም ኤፒአይው በሚሰጠው የመግቢያ ሁኔታ መጠይቅ በሩ በእርግጥ መከፈቱን፣ ኋላም መዘጋቱን ያጣሩ። ይህን መጠይቅ ለመላክ በመጀመሪያ ከተበራው የስዊች አገልግሎት በተጨማሪ መግቢያና መውጫን የሚመለከተውን አገልግሎት ማብራት፣ ለመለያውም የመግቢያዎችን ሁኔታ የማየት ፈቃድ መጨመር ያስፈልጋል።

ከቤት ውጭ ሆነው ሲያዝዙ የኢንተርኮሙን ፖርት በራውተሩ በኩል ለኢንተርኔት በቀጥታ አይክፈቱ። በቤቱ ኔትወርክ ውስጥ እንደ ዋየርጋርድ ያለ ቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ የሚዘረጋ የተመሰጠረ የግል መስመር) አቁመው በእርሱ በኩል ይግቡ። መስመሩ በሞባይል ኢንተርኔት የሚሠራ ከሆነ ብዙ ጊዜ የራሱ የሕዝብ አይፒ (ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚደረስበት አድራሻ) ስለማይኖረው፣ የሕዝብ አይፒ ያለው መካከለኛ ሰርቨር ውጭ አዘጋጅቶ ግንኙነቱን ከቤት ወደ እርሱ ማስጀመር ግድ ይሆናል።