ሞተር ጭኖ ሰው የሚያሳድር ተጎታች ስትገዙ፦ ከቀለሙ በታች ያለውን ማወዳደር

ከኋላ ሞተር ሳይክል የሚጭን፣ ከፊት አልጋና አነስተኛ ማብሰያ ያለው ተጎታች ለመግዛት የሚወጣ ሰው ብዙውን ጊዜ በአልጋው፣ በቁም ሳጥኑና በቀለሙ ይማረካል። እነዚህ ካልተመቹ አናጺና ቀለም ቀቢ ያስተካክላቸዋል። የሻንሲው ብረት ከሳሳ፣ አክስሉ ከተጣመመ ወይም ጣሪያው ውሃ ካስገባ ግን አፍርሶ ከመሥራት ሌላ መላ የለም። ስለዚህ ከውጭ የገባውንም ሆነ እዚሁ ጋራዥ በትእዛዝ የሚበየደውን ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ እዩ፤ በሁሉም ላይ ያው መለኪያ፣ ያው ቅደም ተከተል ይሁን።

ሜትር፣ ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ)፣ ማግኔት፣ የእጅ ባትሪ፣ ጠመኔ፣ የሰው መመዘኛ ሚዛንና ከሥር የምትተኙበት ካርቶን ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ከሥር እንዳትገቡ ከከለከለ ያንን ተጎታች ተዉት። ከቤት ሳትወጡም የግቢያችሁን በር ስፋትና ከፍታ ለኩ። ጠባብ ቅያስ ባላቸው የአዲስ አበባ ሰፈሮች ተጎታቹ ቢገዛም ታጥፎ ግቢ ላይገባ ይችላል።

ብረቱና ብየዳው

በትእዛዝ የምታሠሩ ከሆነ፣ ፀረ ዝገት ከመቀባቱ በፊት መጥታችሁ እንደምታዩ በውሉ ውስጥ አስጽፉ፤ ከክፍያውም አንዱን ክፍል ከዚያ በኋላ የሚከፈል አድርጉት። ብየዳ ከተቀባ በኋላ የሚታየው መልኩ ብቻ ነው።

ጠቅላላ ክብደቱ እስከ 1,500 ኪሎ ለሚደርስ ተጎታች፣ በርዝመት የሚሄዱት ዋና ብረቶች 80 በ40 ሆኖ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ቢሆኑ ጥሩ ነው፤ 80ው ወደ ላይ ይቁም። ከውጭ ሲታይ 2 ሚሊውና 3 ሚሊው አንድ ናቸው። ልዩነቱን ሚዛን ይነግራችኋል፦ ባለ 6 ሜትሩ ዘንግ በ3 ሚሊ 31 ኪሎ ገደማ፣ በ2 ሚሊ ደግሞ 21 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ብረቱን ከመርካቶ ራሳችሁ የምትገዙ ከሆነ አንዱን ዘንግ አስመዝኑ። ተሠርቶ ባለቀው ላይ ደግሞ ክፍት ጫፍ ወይም የሽቦ ማስገቢያ ቀዳዳ ፈልጋችሁ በካሊፐር ለኩ። ሁለቱም ጫፍ የተደፈነ ቱቦላሬ ከታች በኩል ትንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ያስፈልገዋል፤ ከሌለው በውስጡ የሚጠራቀመው እርጥበት ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። ይህን የምታውቁት ብረቱ ሲበሳ ብቻ ነው።

ጥሩ ብየዳ ስፋቱ አንድ ዓይነት ነው፤ ሁለቱንም ብረት እኩል ይዟል፤ በጠርዙ ላይ የተቦረቦረ መስመር አይታይም። እንደ ስፖንጅ የተበሳሳ ከሆነ ብረቱ ሳይጸዳ ወይም ኤሌክትሮዱ እርጥበት ይዞ ተበይዷል ማለት ነው። ጉብ ብሎ ከላይ የተቀመጠ ብየዳ የአምፒር ማነስ ምልክት ነው፤ ወደ ብረቱ አልገባም፤ በኮብልስቶን ንዝረት ይላቀቃል። በፍሌክስ ተሞርዶ የለሰለሰ መጋጠሚያ ሲያጋጥማችሁ ማግኔት አስጠጉበት። ማግኔቱ ሌላው ቦታ በኃይል ተጣብቆ እዚያ ላይ ከሰነፈ፣ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ (ጉድለት መሙያና ማለስለሻ) አለ። ስቱኮ በሻንሲ ላይ ምንም ሥራ የለውም።

ከሁሉም በላይ የምትመረምሩት የመጎተቻውን ክንድ ነው። ሁለቱ ክንዶች በሻንሲው ሥር ገብተው ቢያንስ ሁለተኛውን ተሻጋሪ ብረት አልፈው መበየድ አለባቸው። ፊት ለፊቱ ላይ ብቻ ተጋጥመው ከተበየዱ የተጎታቹ ጉተታና ንዝረት በሙሉ በአንድ መስመር ላይ ያርፋል፤ ስንጥቁም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ያገለገለ ተጎታች ከሆነ በእጅ ባትሪ እየተከታተላችሁ እዩ፤ ከቀለም ስንጥቅ ውስጥ የሚወጣ ቀጭን የዝገት መስመር አብዛኛውን ጊዜ ሥሩ ያለውን የብረት ስንጥቅ ያሳያል።

በመኪናው ኋላ ያለውን የመጎተቻ ኳስም በካሊፐር ለኩት። 50 ሚሊ ሜትር እና 2 ኢንች (50.8 ሚሊ ሜትር) ለዓይን አንድ ናቸው። የ2 ኢንች ጋንቾ (ኳሱን የሚይዘው የተጎታቹ ጫፍ) በ50 ሚሊ ኳስ ላይ ሲያርፍ ግን ልል ይሆናል፤ እየተንኳኳ ይበላላል። ሁለት የማሰሪያ ሰንሰለቶች በጋንቾው ሥር ተመሳቅለው ማለፍ አለባቸው፤ ጋንቾው ቢወልቅ ክንዱ መሬት ሳይነካ እነሱ ላይ ያርፋል።

አክስል፣ ኩሽኔታ፣ ጎማ

ከጋንቾው መሃል እስከ ቀኝና እስከ ግራ አክስል ጫፍ ያለውን ርቀት በሜትር ለኩ። ልዩነቱ ከጥቂት ሚሊ ሜትር ካለፈ ተጎታቹ በጎኑ እየተሳበ ይሄዳል፤ ጎማውንም በአንድ ወገን ይጨርሳል። ይህ ልኬት አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሁለት ተጎታቾችን የሚለይ ግን ከዚህ የተሻለ ነገር ጥቂት ነው።

ጎማውን በክሪክ አንስታችሁ ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት። ጨዋታ ካለው ኩሽኔታው (ጎማው የሚሽከረከርበት ተሸካሚ) ላልቷል ወይም አልቋል። ስታሽከረክሩት የሚያጉረመርም ከሆነ ደርቋል ወይም ውሃ ገብቶበታል። እዚህ የሚሠሩት ብዙ ጊዜ ከአሮጌ መኪና በወጣ አክስልና ሞዞ (ጎማው የሚታሰርበት የአክስሉ ጫፍ) ነው፤ ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም። ሶማሌ ተራ ገብታችሁ መለዋወጫው የሚገኝ ከሆነ ጥቅም ነው። ስለዚህ በኩሽኔታው ጠርዝ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አስነብቡና ከመክፈላችሁ በፊት ሱቆቹን ጠይቁ። ከውጭ የገባ ቆንጆ ተጎታች ኩሽኔታው እዚህ ከጠፋ መንገድ ላይ ያስቀራችኋል። ባሌስትራው (ተጎታቹን የሚሸከመው የብረት ቅጠሎች ሞላ) ከሌላ መኪና ተቆርጦ የመጣ ከሆነ ደግሞ የቀኙና የግራው ቅጠል ቁጥርና ውፍረት እኩል መሆኑን እዩ።

በጎማው ጎን ላይ ካሉት ቁጥሮች አንዱ የሚሸከመው ክብደት መለያ ነው፦ 91 ማለት 615 ኪሎ፣ 97 ማለት 730፣ 104 ማለት 900 ኪሎ። በአንድ አክስል 1,500 ኪሎ ለሚሸከም ተጎታች 97 አይበቃም፤ 104 ግን ትርፍ ይሰጣል። በሌላ በኩል አራት አሃዝ አለ፤ 2319 ከሆነ በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የተጎታች ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ በፀሐይና በመቆም ያረጃል፤ ስለዚህ ከጥርሱ ይልቅ ዓመቱንና በጎኑ ያሉትን የፀጉር መስመር የመሰሉ ስንጥቆች እመኑ።

ክብደቱ የት ነው የሚያርፈው?

ለእያንዳንዱ ተጎታች ባዶ ክብደቱንና የሚፈቀድለትን ጠቅላላ ክብደት ጠይቁ፤ ባዶው በሚዛን ካልተረጋገጠ አስመዝኑ። አንድ ምሳሌ፦ ጠቅላላው 1,500፣ ባዶው 1,050 ከሆነ የሚጫነው 450 ኪሎ ነው። እያንዳንዳቸው 140 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሞተሮች 280፣ 60 ሊትር ውሃ 60፣ የተሞላ የጋዝ ሲሊንደር 28 ገደማ፣ ፍራሽ፣ ምግብና መፍቻ 80። ድምሩ 448 ነው፤ ተጎታቹ ሞላ። ወፍራም የእንጨት ቁም ሳጥን የሞላበት ተጎታች የሚያምረው የሞተራችሁን ቦታ ወስዶ ነው።

በጋንቾው ላይ የሚያርፈው ክብደት ከጠቅላላው 10 እስከ 15 በመቶ ቢሆን ተጎታቹ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ከዚያ ካነሰ በፍጥነት ላይ ጅራቱን መወዝወዝ ይጀምራል። በቤት ሚዛን ለመለካት ጠንካራ ጣውላ አግድም አስቀምጡ፤ አንዱን ጫፍ በብረት ቱቦ ላይ፣ ሌላውን በሚዛኑ ላይ አሳርፉት። ጋንቾው ከቱቦው 30 ሳንቲ ሜትር፣ ከሚዛኑ ደግሞ 60 ሳንቲ ሜትር ርቆ ጣውላው ላይ ይረፍ። ሚዛኑ ያሳየውን በ3 አባዙ። ሞተሮቹ የሚቆሙት ከአክስሉ ኋላ ስለሆነ ይህን ሁለት ጊዜ ሥሩት፣ ጭናችሁም አውርዳችሁም። አክስሉ በጣም ወደ ፊት የተበየደ ተጎታች ባዶውን ጥሩ መስሎ ሲጫን ጋንቾው ይቀልለዋል። ያገኛችሁትን ቁጥር ከመኪናችሁ መመሪያ ጋር አስተያዩ፤ በተለይ ኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ፣ መጎተት ጨርሶ ያልተፈቀደላቸው አሉ።

የኋላው መወጣጫና ወለሉ

ወለሉ ከመሬት 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለና መወጣጫው 2.10 ሜትር ከሆነ ዘንበልታው 17 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሞተር በሰው ኃይል ይወጣል። መወጣጫው 1.50 ከሆነ 24 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ ዝቅ ያለ ሞተር ሆዱ ጠርዙ ላይ ይቀመጣል። ማጠፊያዎቹ ቢያንስ አራት ሆነው ግራሶ መቀበያ ይኑራቸው።

ሞተሩ መወጣጫው ላይ ሲሆን የተጎታቹ ኋላ ወደ ታች ይሰምጣል፣ ጋንቾውም ወደ ላይ ይነሳል። ከኋላ ሁለት የሚወርዱ ድጋፍ እግሮች የሌሉት ተጎታች በዚህ ዓይነት ሥራ ላይ ጎደሎ ነው። ማሰሪያ ቀለበቶቹን ከሥር ገብታችሁ እዩ፦ ከሻንሲው ጋር መበየድ ወይም ወለሉን በስቶ በወፍራም ላሜራ ላይ በብሎን መታሰር አለባቸው። በእንጨት ቪስ ወለሉ ላይ ብቻ የተያዘ ቀለበት በመጀመሪያው ድንገተኛ ፍሬን ይነቀላል። ለአንድ ሞተር አራት ቀለበት ያስፈልጋል።

በአልጋውና በሞተሩ መካከል ያለው ግድግዳ እስከ ጣሪያው የደረሰ፣ በዙሪያው የታሸገ መሆኑ አያደራድርም። የቤንዚን ትነትም የማብሰያ ጋዝም ከአየር ስለሚከብዱ ወለል ላይ ይተኛሉ፤ ማናፈሻው ከታችም መኖር አለበት። ላይ ብቻ የተከፈተ መስኮት አያወጣቸውም። በአልጋው ክፍል ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል ደግሞ ምንም ማናፈሻ ቢኖር ይገድላል።

ጣሪያና ሽቦ

በኅዳር ወይም በጥር የምታዩት ጣሪያ ደረቅ መሆኑ ምንም አይናገርም። በላስቲክ ቱቦ 20 ደቂቃ ውሃ አፍስሱበት፤ አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ ማዕዘኖቹን በባትሪ ይይ። ከዚያ የወለሉን ማዕዘኖች በእግር ተጫኑ፤ ልል ካለ ቀድሞም ሲያፈስ ኖሯል ማለት ነው። ጣሪያው ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ዘንበል ይበል። መጋጠሚያው በፖሊዩሪቴን ማሸጊያ ቢሞላ ከተራ ሲሊኮን ይሻላል፤ ሲሊኮን ቀለም አይቀበልም፣ ሲላቀቅም ከላዩ ሌላ አይጣበቅም። የበሩን ጎማ ለመፈተን ጠርዙን ጠመኔ ቀቡና ዝጉት። ሲከፈት ጠመኔው ያልታተመበት ቦታ ውሃና አቧራ የሚገባበት ነው።

መብራት፣ ፍሬቻና ስቶፕ አንድ ላይ አብሩ። አንዱ ሲበራ ሌላው ከደከመ የመሬት ሽቦው ጥሩ አይደለም፤ ምናልባትም በጋንቾው በኩል ብቻ ነው የሚያልፈው። ለብቻው ሽቦ ይሳብለት።

ፍሬንና የመንገድ ሙከራ

ጠቅላላ ክብደቱ ከ750 ኪሎ የሚያልፍ ተጎታች የራሱ ፍሬን ከሌለው አትግዙት። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ሸለቆ ሲወረድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ፤ የመኪናው ፍሬን ብቻውን ሁለቱን አይዝም። ተጎታቹ መኪናውን ሲገፋ የሚይዘው ዓይነት ፍሬን በረጅም ቁልቁለት ሳይለቅ ስለሚግል ማርሽ ዝቅ አድርጎ መውረድ ይፈልጋል። በመኪናው ውስጥ መቆጣጠሪያ ያለው የኤሌክትሪክ ፍሬን የበለጠ ይታዘዛል፤ ዋጋው ግን ይጨምራል።

እሑድ ማለዳ መንገዱ ባዶ ሳለ ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር በዝግታ ወርዳችሁ ፍሬኑን ሞክሩ፤ ተጎታቹ ወደ አንድ ጎን መሳብ የለበትም። ቀጥላችሁ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ንዱና አራቱንም ሞዞ፣ ነጠላ አክስል ከሆነ ሁለቱን፣ በእጅ ጀርባ ንኩ። ለብ ማለቱ ደህና ነው። እጅ የማያስቆይ ከሆነ ኩሽኔታው ከልክ በላይ ጠብቋል ወይም ፍሬኑ አልለቀቀም፤ አንዱ ብቻ ከጋለ ችግሩ እዚያው ነው። በሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር ከሰነዱ ጋር አንድ መሆኑን አይታችሁ ክፈሉ። ከገዛችሁ በኋላ የጎማ ብሎኖቹን በመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎ ሜትርና እንደገና በ100ኛው አጥብቁ፤ አዲስ የተቀባ ቸርኬ ቀለሙ ሲታመቅ ብሎኑ ይላላል።