“አስራ ሦስት” ሲባሉ 103 ለሚጽፉ ልጆች

“አስራ ሦስት ጻፉ” ስትሏቸው 103 ይጽፋሉ? የሰሙትን ነው የጻፉት፦ አስር፣ ከዚያ ሦስት። ዶቃና ክር ስጧቸውና አብረው የዶቃ መጋረጃ ይሥሩ። እያንዳንዱ ልጅ 10 ዶቃ ብቻ ሰክቶ ክሩን ይቋጥርና እንጨት ላይ ይስቀል። 10 ያልሞላ አይሰቀልም፤ በስተቀኝ ሳህን ላይ ይቆያል። ከጓደኛ ዶቃ ጋር ደምሮ መሙላት ግን ይቻላል፤ እንዲያውም ትምህርቱ እዚያ ላይ ነው። ከዚያ አብራችሁ አንብቡ፦ 3 ክር፣ 4 ዶቃ፣ 34። 10 ክር ሲሞላ በሪባን አንድ ላይ እሰሩት፤ መቶ ሆነ።

ዋናው ቋጠሮው ነው። ልጁ አስሩን ዶቃ በገዛ እጁ አንድ ሲያደርገው፣ የ34ቷ 3 ሦስት ክር እንጂ ሦስት ዶቃ እንዳልሆነች ያያል። ዶቃ አፋቸው ውስጥ ለሚከቱ ትንንሾች ግን አይሆንም፤ ለእነሱ የወረቀት ቀለበት ይሻላል።