ቦርሳ፣ የቤት ሥራና ትዕግሥት፦ ልጆች ራሳቸውን መምራት እንዲለምዱ

ትናንት ማታ የተሠራው የቤት ሥራ ጠዋት አልጋ ሥር ይቀራል። ኮዳው ክፍል ውስጥ ተረስቷል፤ ሹራቡ የት እንደወለቀ አይታወቅም፤ ወላጅ ይፈርምበት ተብሎ የተላከው ወረቀት ቦርሳ ውስጥ ተጨማድዶ ሳምንት ሞልቶታል። «ስንቴ ልንገርህ?» እንላለን። ልጁ ግን ሲነገረው ሰምቷል፣ እሺ ያለውም ከልቡ ነው። ነገሩ በሚፈለግበት ደቂቃ ትዝ አላለውም።

ሥራን በሥርዓት ለመያዝ ልጅ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል። የተነገረውን እየሠራ በአእምሮው መያዝ፣ ድንገት የመጣበትን ፍላጎት መግታት፣ ነገር ሲለወጥ ደግሞ አብሮ መለወጥ። ሦስቱም በዋናነት የሚመሩት ከግንባር ጀርባ ባለው የአንጎል ክፍል ሲሆን፣ ይህ ክፍል እድገቱን የሚጨርሰው ከ20 ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ የ7 ዓመት ልጅ ጭንቅላት ገና የማይሸከመውን ግድግዳው፣ ቦርሳው፣ ሰዓቱና ወረቀቱ ይሸከሙለት። ልጁ ሲለምድ ድጋፉ አንድ በአንድ ይነሣል። ከዚህ በታች ያለው ከ6 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አስቀድመን እንበል። ሁሉንም በአንድ ሳምንት አትጀምሩ። ቦርሳውም፣ የቤት ሥራውም፣ ቁጣውም፣ የመኝታ ሰዓቱም በአንድ ጊዜ ይስተካከል ከተባለ በ10 ቀን ውስጥ ሁሉም ይተዋል፤ መጀመሪያ የሚታክተውም ወላጁ ነው።

ከቦርሳው ጀምሩ

ቦርሳ ለመጀመሪያ ልምምድ የሚመረጠው በየቀኑ ስለሚደጋገምና ውጤቱ በማግስቱ ስለሚታይ ነው።

በበሩ አጠገብ፣ በልጁ ትከሻ ቁመት፣ ቦርሳው የሚንጠለጠልበት ጠንካራ ምስማር ወይም መስቀያ አድርጉ። ግድግዳው የማያስመታ ከሆነ አንድ ካርቶን ይበቃል። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳው የሚያርፈው እዚያ ብቻ ነው። አልጋና ሶፋ ላይ ያረፈ ቦርሳ ውስጡ ያለው ይዘረገፋል፣ የተዘረገፈው ደግሞ ሁሉም ተመልሶ አይገባም።

ደብተሮቹን ስትለብዱ ለእያንዳንዱ ትምህርት አንድ ቀለም ስጡ። የሒሳብ የክፍል ሥራ፣ የቤት ሥራና መጽሐፍ ሦስቱም ሰማያዊ፤ የአማርኛው ሦስቱም ቀይ። እንዲህ ሲሆን ልጁ ጽሑፍ ሳያነብ በቀለም ብቻ ይሰበስባል። ለተበታተኑ ወረቀቶች አንድ ባለ ሁለት ኪስ ክላሰር ይበቃል፤ በአንዱ ኪስ ላይ «ወደ ቤት»፣ በሌላው «ወደ ትምህርት ቤት» ብላችሁ ጻፉ። በእርሳስ መያዣው ውስጥ 2 እርሳስ፣ 1 ላጲስ፣ 1 መቅረጫ። ከዚህ ከበዛ የጎደለውን ማወቅ ያቅተዋል።

ከዚያ ዝርዝር አዘጋጁ። ቢበዛ ስድስት ነገር፦ የነገ ደብተሮች፣ የቤት ሥራ፣ ክላሰር፣ የእርሳስ መያዣ፣ ኮዳ፣ ምሳ ዕቃ። ማንበብ ለማይችል ልጅ ሥዕሉን ሣሉለት፤ የተሻለው ልጁ ራሱ ቢሥለው ነው። መስቀያው አጠገብ በፕላስተር ይለጠፍ። ዝርዝሩ 15 ነገር ሲይዝ ማንም አያየውም።

ቦርሳ የሚዘጋጀው ማታ ከእራት በኋላ ነው፤ 10 ደቂቃ ይበቃል። ጠዋት ሁሉም ሰው ስለሚጣደፍ ትዕግሥት የለም፣ እናት ራሷ ትጨምራለች፣ ልምምዱም ያበቃል። ኮዳና ምሳ ዕቃ ብቻ ጠዋት ይጨመራሉ፤ በዝርዝሩ ላይ ከመስመር በታች ጻፏቸው።

እጃችሁን የምታወጡት እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አብራችሁ አድርጉት፤ ልጅቷ የክፍሉን ፕሮግራም እያየች «ነገ ምን አለ?» ብላ ጮክ ብላ ታንብብ። በሁለተኛው ሳምንት እናንተ አጠገቧ ተቀምጣችሁ ዝም በሉ። በሦስተኛው የምትናገሩት አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ዝርዝሩ ምን ይላል?» «ኮዳሽን ያዝሽ?» ካላችኋት ያስታወሳችሁት እናንተ ናችሁ፤ ወደ ዝርዝሩ ስትልኳት ግን ማስታወሱ የእርሷ ይሆናል። በአራተኛው ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ እዩላት። መርሳት ከተመለሰ ወደ መጀመሪያው አትመለሱ፤ አንድ ደረጃ ብቻ ዝቅ በሉ። ከፈተና፣ ከሕመምና ከረጅም ዕረፍት በኋላ መርሳቱ መመለሱ አይቀርም።

ዓርብ ከሰዓት ቦርሳው ምንጣፍ ላይ ይገልበጥ። የተቀደደው ይጣል፣ እርሳሱ ይቀረጽ፣ ክላሰሩ ይራገፍ። ይህ ከቀረ የተቀረው ሁሉ በሦስት ሳምንት ውስጥ ይበላሻል።

የረሳውን ደብተር ይዛችሁ ወደ ትምህርት ቤት መሮጥ? ሁልጊዜ ከደረሳችሁለት መርሳት ምንም አያስከፍለውም። ነገር ግን ልጁን ለዱላ አሳልፋችሁ አትስጡ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት የተጠበቁ መሆናቸውን ይደነግጋል፤ በተግባር ግን ዱላ ያልቀረባቸው ክፍሎች አሉ። ስለዚህ አስቀድማችሁ መምህሩን አነጋግሩ፦ «ቦርሳውን ራሱ ማዘጋጀት እየተለማመደ ነው፤ ከረሳ በማግስቱ እንዲያሳይዎት ይፍቀዱለት።» ይህን ሲነገረው እምቢ የሚል መምህር ጥቂት ነው።

ትእዛዝ ሲደራረብ

«ጫማህን አውልቅ፣ ልብስህን ቀይር፣ እጅህን ታጠብና እህትህን ጥራት።» አራት ትእዛዝ በአንድ ትንፋሽ። የ6 ዓመት ልጅ ጫማውን ያወልቃል፣ ከዚያ መሬት ላይ ካገኘው ብይ ጋር ይቀራል። በዚህ ዕድሜ ሁለት፣ ከ9 ዓመት በኋላ ሦስት ይበቃል። ከኩሽና ሆናችሁ አትጣሩ፤ አጠገቡ ሄዳችሁ ስሙን ጥሩ፣ ከዚያ የሰማውን ራሱ ይድገመው። «ዓይኔን እያየህ ስማኝ» ማለት እኛ ዘንድ አይረዳም። ልጆቻችን ታላቅን ትኩር ብሎ ማየት ነውር መሆኑን ተምረዋል፤ «እየኝ» ሲባሉ ቁጣ የመጣ መስሏቸው ይደነግጣሉ። መስማቱን የምታውቁት ሲደግመው ነው።

የቤት ሥራ ሰዓት

ከትምህርት ቤት እንደገባ ወደ ደብተር መግፋት ትርፍ የለውም። ይብላ፣ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይሩጥ፣ ከዚያ ይቀመጥ። ሰዓቱ በየቀኑ አንድ ይሁን፤ ሰዓቱ ቋሚ ሲሆን «ልጀምር ወይስ ልቆይ» የሚለው ክርክር ይቀራል።

ቤቱ አንድ ክፍል ከሆነ ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጎ ይቀመጥና ቴሌቪዥኑ ለዚያች ሰዓት ለሁሉም ይዘጋ። ድምፁን መቀነስ አይበቃም፤ ምስሉ ብቻውን ዓይን ይስባል። ስልክ ሌላ ሰው ዘንድ ይሁን።

ለ7 እና ለ8 ዓመት ልጅ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሥራ፣ 5 ደቂቃ ዕረፍት፤ ለ10 እና ከዚያ በላይ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ። ባለ ቆጣሪ የግድግዳ ሰዓት ከስልክ ይሻላል፣ ጊዜው ሲሄድ ይታያልና። ረጅሙ ቆጣሪ የሚደርስበት ቦታ ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፉ፦ «እዚህ ሲደርስ ትነሣለህ።» በዕረፍቱ ውኃ ይጠጣ፣ ገመድ ይዝለል፣ ደጅ ወጥቶ ይመለስ። ስልክ ግን የዕረፍት ነገር አይደለም፤ ከእርሱ ተላቆ ወደ ክፍልፋይ መመለስ ለአዋቂም ይከብዳል።

ከሁሉ የሚከብደው መጀመሩ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዋን ጥያቄ አብራችሁ አንብቡ፣ እርሳሱን ሲያንቀሳቅስ ተነሡ። በቀላል ጥያቄ ይጀምር፤ ከባዱ ሁለተኛ ይሁን። ከባዱ መጨረሻ ላይ ከተተወ ድካሙ ላይ ይወድቃል።

አጠገቡ አንድ ብጣቂ ወረቀት አኑሩ። «ለአቤል ብዩን መመለስ አለብኝ» የሚል ሐሳብ ሲመጣበት ይጻፈውና ይቀጥል። ካልጻፈው ወይ ይነሣል ወይ ደጋግሞ ያስበዋል። እየሠራ ከራሱ ጋር የሚያወራ ልጅ ካላችሁ ደግሞ ዝም አታሰኙት። የሩሲያው የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ ከ90 ዓመት በፊት እንዳስተዋለው፣ ልጅ ለራሱ የሚያወራው ሥራውን ለመምራት ነው፤ ኋላ ድምፁ ወደ ውስጥ ይገባና ሐሳብ ይሆናል።

ከሥራው በፊት «ስንት ደቂቃ ይፈጅብሃል?» ብላችሁ ግምቱን አስጽፉት፣ ሲጨርስ እውነተኛውን አጠገቡ ይጻፍ። «5 ደቂቃ» ያለው 22 ሲፈጅ አትተቹት፤ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማየቱ ይበቃዋል።

ቀኑ የራቀ ሥራ

ዛሬ ሐሙስ ነው፤ በፍሊፕ ቻርት ላይ የኢትዮጵያን ካርታ ሥሎ ለሚቀጥለው ዓርብ ማስረከብ አለበት። ለልጅ የሚቀጥለው ዓርብ የሚባል ቀን የለም፤ በዋዜማው፣ ሐሙስ ማታ 3 ሰዓት ላይ ነው የሚደርሰው። የቀን መቁጠሪያ አውርዳችሁ ከመጨረሻው ወደ ኋላ አስቆጥሩት። ዓርብ ማስረከቢያ። ሐሙስ ባዶ ይሁን፤ መብራት ሊጠፋ፣ ቀለም ሊያልቅ ይችላል። ረቡዕ ስሞቹን መጻፍ። ማክሰኞ ቀለም መቀባት። ሰኞ በእርሳስ መሣል። ቅዳሜ ወረቀትና ቀለም መግዛት። «በየትኛው ቀን ምን?» የሚለውን ልጁ ይመልስ፣ እናንተ ጠይቁ ብቻ። ካርታውን ራሳችሁ ሥላችሁ አሳምራችሁ ብትልኩት ማርኩ ይመጣል፣ ልጁ ግን ማቀድን አልተማረም።

መጠበቅና ቁጣ

በ1960ዎቹ መጨረሻ (እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር) የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዋልተር ሚሼል በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት ማቆያ ያደረገው ሙከራ ስመ ጥር ነው፤ አሁን አንድ ጣፋጭ፣ ከጠበቅህ ሁለት። መጠበቅ የቻሉት ብዙዎቹ ጣፋጩን ትኩር ብለው ያዩት አልነበሩም፤ ፊታቸውን አዙረዋል፣ ዘፍነዋል። ራስን መግታት ብልሃት ነው፤ ብልሃት ደግሞ ይማሩታል። በ2013 (እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር) የታተመ፣ በሮቼስተር ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ሌላ ሙከራ ከዚህ የበለጠ ለወላጅ የሚሆን ነገር አሳየ። መጀመሪያ ቃሉን ያጠፈ አዋቂ የገጠማቸው ልጆች፣ ቃሉን ከጠበቀላቸው ይልቅ በጣም ቶሎ ጣፋጩን አነሡ። ቃል በሚታጠፍበት ቤት መጠበቅ ሞኝነት ነው። «ነገ እገዛልሃለሁ» የምትሉት ዝም ለማሰኘት ከሆነ ባትሉት ይሻላል። ካላችሁ ጻፉትና ፈጽሙት።

ለመጠበቅ የሚታይ ወሰን ስጡ። «ቆይ» ወሰን የለውም። ቡና እየተፈላ ትልልቆች ሲያወሩ «ቶናው እስኪቀርብ ጠብቂ፣ ከዚያ የአንቺ ተራ ነው» ማለት ይቻላል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ልጅ የሚያየው ቆጣሪ ነው። ቶናው ሲቀርብ ግን በእርግጥ ጆሯችሁን ስጧት። ወሬ መሐል መግባት ለሚያስቸግረው ልጅ ደግሞ ክንዳችሁን እንዲነካ አስተምሩት፤ እጁን በእጃችሁ ትሸፍናላችሁ፣ «አይቼሃለሁ» ማለት ነው፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ወደ እርሱ ትዞራላችሁ።

ለቁጣ የሚሆነው ልምምድ የሚደረገው ሳይቆጣ ነው። «ወንድሜ ዕቃዬን ሲነካብኝ፣ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ እማዬን እጠራለሁ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በጨዋታ መልክ አምስት ስድስት ጊዜ አስደግሙት። ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ረዘም አድርጎ አምስት ጊዜ መንፋትም ያረጋጋል። ቁጣው ከገነፈለ በኋላ ምክር አይገባም፤ ጥቂት ቃል ተናገሩ፣ ማንም እንዳይጎዳ ጠብቁ፣ ንግግሩን 20 ደቂቃ ቆይታችሁ አድርጉት።

ጨዋታ

ብዙው መሣሪያ ደጃችን ላይ አለ። ገበጣ ሲጫወት ጠጠሩን ከማንሣቱ በፊት የመጨረሻዋ ጠጠር የት እንደምታርፍ ማስላት ይማራል፤ ቸኩሎ ያነሣ ይሸነፋል። ሰኞ ማክሰኞ መስመር ሳይነኩ መቆምን ይጠይቃል። እንቆቅልሽ መልሱን እስኪያገኙ ጥያቄውን በአእምሮ መያዝ ነው። «ገበያ ሄጄ ሽንኩርት ገዛሁ» ብላችሁ ጀምሩ፣ ቀጣዩ «ሽንኩርትና ቲማቲም» ይበል፤ በሦስት ዕቃ ጀምራችሁ እስከ ሰባት አድርሱት። ሙዚቃ ሲቆም በድን መሆንም ጥሩ ነው፤ ሲለምዱት ሕጉን ገልብጡት፣ ሙዚቃ ሲኖር ይቁሙ፣ ሲጠፋ ይጨፍሩ። ሳቁ እዚያ ላይ ነው፣ ልምምዱም እዚያው።

ሁሉ ተሞክሮ ሲያቅት

መጀመሪያ እንቅልፉን ቁጠሩ። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በ24 ሰዓት ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት። ጠዋት 12:30 የሚነሣ ልጅ ማታ 2:30 ቢተኛ 10 ሰዓት ያገኛል፤ ተከታታይ ድራማ እስኪያልቅ 4 ሰዓት ከቆየ ግን በነጋታው ክፍል ውስጥ የሚቁነጠነጠው በእንቅልፍ እጦት ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሩ። ሰሌዳው የማይታየው ልጅ ትኩረት የለውም ይባላል። ማታ የሚያንኮራፋ ከሆነም ለሐኪም ንገሩ።

ከዚያ በኋላም መቅበጥበጡ ወይም መርሳቱ ከዕድሜ እኩዮቹ በግልጽ የበዛ፣ ከ6 ወር በላይ የቆየ፣ በቤትም በትምህርት ቤትም የሚታይ ከሆነ የሕፃናት ሐኪም ወይም የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይየው። በአንድ ቦታ ብቻ የሚታይ ከሆነ ግን መጀመሪያ የሚመረመረው ያ ቦታ ነው። ወደ ሐኪም ስትሄዱ የሁለት ሳምንት ማስታወሻ ያዙ፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ምን እንደሆነ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደነበር፣ ስንት ሰዓት እንደተኛ። ከመምህሩም አንድ ገጽ አጽፉ።