ኤረር የሌለው ግራፍ ሲዋሽ፦ በፓይተን ፈንክሽን ስትስሉ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ተማሪዎችን ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ግራፍ ሳለማምድ የሚያሳስበኝ ቀይ ኤረር አይደለም። እሱ ቢያንስ ስህተት መኖሩን ይናገራል። የሚያሳስበኝ አምሮ የወጣ የተሳሳተ ግራፍ ነው።

ችግር፦ ሞገዱ ጠፋ

ሳይን 50ኤክስን ከዜሮ እስከ 2ፓይ ሳሉ። 50 ሞገድ መታየት ነበረበት። የሚወጣው ግን አንድ ለስላሳ ሞገድ ነው።

ምክንያቱ የነጥብ ማነስ ነው። ኮምፒውተሩ ኩርባ አይስልም፤ ነጥቦችን በቀጥታ መስመር ያያይዛል። እኩል የተራራቁ ነጥቦችን የሚያዘጋጀው የነምፓይ (የፓይተን የሒሳብ ላይብረሪ) ትዕዛዝ ሊንስፔስ (linspace) ደግሞ ብዛቱን ካልነገራችሁት 50 ነጥብ ብቻ ይሰጣል። በ50 ነጥብ መካከል 49 ክፍተት አለ። ስለዚህ እያንዳንዱ እርምጃ ከአንድ ሙሉ ሞገድ ትንሽ ይበልጣል፤ መሃል ላይ ያለው ውጣ ውረድ ሁሉ ይዘለላል። የታረሰ ማሳ ላይ ትልም ትልሙን እየዘለለ ጉብታ ጉብታውን ብቻ የረገጠ ሰው፣ ማሳው ለጥ ያለ ሜዳ ነው ቢል አይፈረድበትም።

መፍትሄው 2000 ነጥብ መስጠት ነው። ሁልጊዜም ነጥቡን እጥፍ አድርጋችሁ ድገሙት። ቅርጹ ከተለወጠ የመጀመሪያውን አትመኑት።

ችግር፦ ታንጀንት ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይቆማል

ያ መስመር የፈንክሽኑ አካል አይደለም። ከላይ ያለውን ነጥብ ከታች ካለው ጋር ያያያዘው ፕሮግራሙ ነው። ከ10 በላይና ከኔጌቲቭ 10 በታች ያሉትን ዋጋዎች በናን (nan፣ «ቁጥር አይደለም» የሚል ምልክት) ተኩ። መስመሩ እዚያ ላይ ይቆረጣል።

ችግር፦ ባለ ሦስት አቅጣጫው ተራራ እንደ ጦር ሾለ

ጮቄን እናስመስል ብለን 60 ኪሎ ሜትር ስፋትና 2 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያለው ጉብታ ሳልን። የወጣው ሹል ጫፍ ነው። ጮቄን ያየ ሰው ግን እንዴት ሰፊና የተንጣለለ እንደሆነ ያውቃል። ግራፉን የሚስለው የፓይተን ላይብረሪ ማትፕሎትሊብ ሦስቱንም ዘንጎች ለየብቻ ይለጥጣል፤ ኪሎ ሜትሩን አያመሳክርም። የዘንጎቹን ምጥጥን በሚወስነው ትዕዛዝ፣ ሴት ቦክስ አስፔክት (set_box_aspect) ላይ 60፣ 60፣ 2 ብላችሁ ስጡት። በጣም ጠፍጣፋ ከሆነባችሁ ከፍታውን 5 ጊዜ አጉሉት፤ ግን ማጉላታችሁን ርዕሱ ላይ ጻፉ። ክብ እንቁላል ሲመስልም ሰበቡ ይኸው ነው።

ገጹ ሻካራ ከሆነስ? ነጥብ መጨመር ብቻውን አይበቃም። ገጹን የሚስለው ትዕዛዝ ፕሎት ሰርፌስ (plot_surface) ካልነገራችሁት በየአቅጣጫው እስከ 50 ነጥብ ብቻ መርጦ ይስላል። ይህን ብዛት የሚወስኑትን አርካውንትና ሲካውንትን (rcount፣ ccount) ወደ 200 ከፍ አድርጉ። ዜድ ሁለት አቅጣጫ ይኑረው የሚል ኤረር ከመጣ ደግሞ የኤክስና የዋይ ነጥቦችን ወደ መረብ የሚቀይረውን ሜሽግሪድን (meshgrid) ረስታችኋል።

ችግር፦ የአማርኛው ርዕስ ባዶ ሳጥን ሆነ

የማትፕሎትሊብ ነባሪ ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለውን ፎንት ጫኑና ስሙን ስክሪፕቱ መጀመሪያ ላይ ስጡት።

ያስቀመጣችሁት ምስል ነጭ ሆኖ ከተከፈተ፣ ምስሉን የሚያስቀምጠውን ትዕዛዝ ሴቭፊግን (savefig) ስክሪን ላይ ከሚያሳየው ከሾው (show) በፊት አምጡት።