«ተፈጥሯዊ ነው» ብላችሁ ፕሌት አትጫኑ

ሰሞኑን አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ረቂቅ ይዛ መጣች። ሙከራው ገና አልተሠራም፤ ሴልና ጭማቂ የሚጨመርበት ባለ ብዙ ጉድጓድ ሳህን፣ ፕሌቱ፣ ገና አልተነካም። መደምደሚያው ግን ተጽፎ አልቋል፤ «የእንዶድ ጭማቂ ከሰው ሠራሹ የወሊድ መከላከያ ይልቅ ለሴሎች ደህና ነው» ይላል። ስንተኛዋ እንደሆነች መቁጠር ትቻለሁ።

እስቲ እንነጋገር። እንዶድ እናቶቻችን ነጠላ ያጥቡበት የነበረ ፍሬ ነው። አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የሚባል ሳሙና መሰል ንጥረ ነገር ስላለበት ነው። ተመራማሪው አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩትም በዚሁ ሳፖኒን የተነሳ ነው። ሳፖኒን ከሴል ሽፋን ኮሌስትሮል ጋር ይጣበቅና ሽፋኑን ይበሳዋል። የወንድ ዘርንም የሚገድለው እንዲሁ ነው። ሰው ሠራሹ ዘር ገዳይ ኖኖክሲኖል-9ስ? እሱም ሳሙና ቢጤ ነው፤ ሽፋን ያሟሟል። ታዲያ የማህፀን በር ሴል ሽፋን የለውም እንዴ? ኖኖክሲኖል ኤችአይቪን ይከላከላል ተብሎ ስንት ተስፋ ተጥሎበት፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመው ጥናት ጄሉን ደጋግመው የተጠቀሙ ሴቶች ጭራሽ በቫይረሱ በብዛት ተይዘው ተገኙ። ሳሙናው ከተክል ስለመጣ ብቻ ይምራል ያላችሁ ማነው? ከጥጥ ፍሬ የሚገኘው ጎሲፖልም እኮ ተፈጥሯዊ ነው። ቻይና ውስጥ ለወንዶች የወሊድ መከላከያ ሆኖ ተሰጥቶ የአንዳንዶቹ ፖታሲየም ወረደ፣ አንዳንዶቹም ካቆሙ በኋላ እንኳ ዘራቸው አልተመለሰም።

ሌላው ስህተት፣ የሚዋጥ ኪኒንን ከእንዶድ ጋር ፕሌት ላይ ማወዳደር። ኪኒኑ ዘር አይገድልም፣ እንቁላል እንዳይወጣ ነው የሚያደርገው። ተዉት።

ዘሩን በስንት መጠን እንደገደለ ብቻ ጽፎ መቆምም አለ። የሚያስፈልገው ንጽጽሩ ነው፤ ዘሩን የሚገድለው መጠን የማህፀን በርን ሴል ከሚጎዳው ምን ያህል ያንሳል? ሁለቱ እኩል ከሆኑ በእጃችሁ ያለው መከላከያ ሳይሆን መርዝ ነው። ሄላ ሴል ላይ ብቻ ሠርታችሁም «ለማህፀን በር ደህና ነው» አትበሉ፣ ሄላ የካንሰር ሴል ነው።

ጭማቂው የሚሟሟበት ፈሳሽ፣ ዲኤምኤስኦ፣ ብቻውን የገባበት ጉድጓድ ከሌለ ውጤቱን አታሳዩኝ፤ ሴሉን የጎዳው እሱ ይሁን ጭማቂው በምን ይታወቃል?

የመጨረሻው ስህተት የኔው ነው። ኤምቲቲ የሚባለው ቢጫ ቀለም በሕይወት ባለ ሴል ውስጥ ወደ ወይን ጠጅ ይለወጣል። እኔ ጭማቂ በብዛት በጨመርኩ ቁጥር ወይን ጠጁ እየደመቀ ሄደ፤ ሴሎቹ ምንም ካልነካቸው በላይ «ጤነኛ» ሆኑ ማለት ነው። በደስታ ላብራቶሪውን በሙሉ ቡና ጋበዝኩ። የቆዩት ቴክኒሻናችን ስኒያቸውን ይዘው መጡና «የኔ ልጅ፣ ሴል የሌለበት ጉድጓድ ውስጥስ ጨምረሽ አይተሻል?» አሉኝ። አላየሁም ነበር። በማግስቱ ሞከርኩት፤ ቀለሙን የሚለውጠው ጭማቂው ራሱ ኖሯል። የሦስት ወር ሥራ ቆሻሻ ውስጥ ገባ፣ የቡናውን ሒሳብም የመለሰልኝ የለም።