የላንድ ክሩዘር 80 የፊት አክሰል ጆይንት አቀያየር

መሪው እስከ መጨረሻው ታጥፎ መኪናው ቀስ እያለ ሲሄድ ከፊት ጎማ በኩል «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ ሻፍቱን ከሚታጠፈው የፊት ጎማ ጋር የሚያገናኘው፣ ቢርፊልድ የሚባለው ጆይንት ተበልቷል። በውስጡ ስድስት የብረት ኳሶች አሉ። የሚንከባለሉበት ቦይ ተቦርቡሮ ሲጎደጉድ ኳሱ ጉድጓዱን በዘለለ ቁጥር ድምፅ ያሰማል። ከመፍታትዎ በፊት ክፍት ቦታ ላይ ወደ ቀኝም ወደ ግራም አጥፈው ይሞክሩት። መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ ከፍጥነቱ ጋር እየጨመረ የሚያጓራው የጎማ ኩሽኔታ ነው። ቀጥታ መንገድ ላይ መኪናው ሲነሳ ብቻ «ጓ» የሚል ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የካርዳኑን ክሮቸራ (የመስቀል ቅርጽ ያለውን መገጣጠሚያ) ይዩ።

ጆይንቱን ብቻ ቀይሮ መዝጋት ግማሽ ሥራ ነው። ብዙ ጊዜ ጆይንት የሚያልቀው ግራሶው ታጥቦ ስለሚሄድበት ነው። አክሰሉ ውስጥ ያለው ኦይል ሲል (ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደው ቀለበት) ሲያረጅ የዲፈረንሻል ዘይት ሾልኮ ወደ ጆይንቱ ቤት ይገባል፣ ግራሶውንም ያቀጥነዋል። ቤቱ ሲከፈት ጥቁር ሾርባ የመሰለ ነገር ከፈሰሰ ጥፋቱ የሲሉ ነው። አሮጌው ሲል ውስጥ ከቀረ አዲሱም ጆይንት በዚያው መንገድ ይሄዳል።

ስለዚህ ከጆይንቱ ጋር የውስጡን የአክሰል ሲል፣ የሞዞውን (ጎማው የሚታሰርበትን) ሲል፣ የስፒንድሉን (ሞዞው የሚዞርበትን) እና የፍላንጁን (ሻፍቱን ከሞዞው የሚያገናኘውን) ጓርኒሲዮን፣ ሁለቱን የሻፍት ቀለበቶችና የዳዶ መቆለፊያውን ሮንዴላ በአዲስ ይግዙ። ለጆይንቱ ሞሊብዲነም ያለበት የሊቲየም ግራሶ ቁጥር 2 ያስፈልጋል፤ ለአንድ ጎን ቢያንስ ግማሽ ኪሎ ይያዙ። ከመሣሪያ 54 ሚሊ ሜትር ቡሶላ፣ የነሐስ ዘንግ፣ ቶርክ መፍቻና የሞላ ሚዛን (እየሳቡ የሚለኩበት) ያዘጋጁ። ትልቁን የኩሽኔታ ዳዶ በመሮና በመዶሻ እየመቱ መፍታት የተለመደ ቢሆንም ጥርሱን ያበላሻል፤ ሲገጠምም ልኩን ጠብቆ ማጥበቅ አይቻልም።

መኪናውን በክሪክ ካነሱ በኋላ በጠንካራ መቆሚያ ላይ ያሳርፉት። በክሪክ ብቻ ተንጠልጥሎ አይሠራበትም። ዲፈረንሻሉን ሲያፈሱ መጀመሪያ የመሙያውን ቡሽ ይክፈቱ፤ እሱ እምቢ ካለ ዘይቱን ካፈሰሱ በኋላ መሙያ የለዎትም። የፍሬን ፒንሳውን ፈትተው በሽቦ ይስቀሉት፣ በቱቦው አይንጠልጠል።

የመሀሉን ክዳንና የሻፍቱን ጫፍ ቀለበት ያውጡ። የፍላንጁን ስድስት ዳዶዎች ከፈቱ በኋላ ሾጣጣ ቀለበቶቹ ተጣብቀው ይቀራሉ። የእያንዳንዱን ፕሪጆኒየር (ዳዶው የሚታሰርበትን ቋሚ ብሎን) ጫፍ በነሐስ ዘንግ ሲመቱ ይላቀቃሉ። በፍላንጁና በሞዞው መካከል ካቻቢቴ ማስገባት ፊቱን ይቧጥጠዋል፣ ከዚያ በኋላ ግራሶ ማፍሰሱ አይቀርም። ቀጥሎ የሮንዴላውን ምላስ አቃንተው ሁለቱን ዳዶዎች ይፍቱና ሞዞውን ከዲስኩ ጋር ይሳቡ፤ የውጪው ኩሽኔታ እንዳይወድቅ በእጅ ይያዙት። የስፒንድሉን ስምንት ብሎኖች ፈትተው ዙሪያውን በለስላሳ መዶሻ መታ መታ ያድርጉት። በመጨረሻ የሻፍቱን ጠፍጣፋ ጎን ወደ ላይ አዙረው ቀጥ አድርገው ይሳቡ።

የውስጡን ሻፍት በሞርሳ ይያዙ፤ በሁለቱም በኩል መዳብ ወይም እንጨት ያድርጉበት። የነሐስ ዘንጉን በጆይንቱ ውስጠኛ ቀለበት ላይ አሳርፈው በደንብ ሲመቱት ውስጥ ያለው ክሊፕ ይጨመቅና ጆይንቱ ይወጣል። አሁን ሲሉ የሚያርፍበትን የሻፍቱን ክፍል በጥፍርዎ ይዳስሱት። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ አዲስ ሲል ብቻውን አያድነውም፣ ሻፍቱም መቀየር አለበት።

አዲስ ጆይንት እስኪገኝ አንድ መላ አለ። መኪና በአብዛኛው ወደ ፊት ስለሚሄድ የቦዩ አንድ ጎን ብቻ ነው የሚበላው። የቀኙን ጆይንት ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ ቢያዛውሩ ጭነቱ ባልተበላው ጎን ላይ ይወድቃል፣ ድምፁም ለጊዜው ይጠፋል። ኳሶቹን የሚይዘው ቀለበት ከተሰነጠቀ ግን አይሞክሩት።

ቤቱን ንጹሕ እስኪሆን ይጥረጉና አዲሱን ሲል አስገብተው ከንፈሩን ግራሶ ይቀቡ። ጆይንቱን ግራሶው በሌላው በኩል እስኪወጣ ጠቅጥቀው፣ አዲስ ክሊፕ ባለው ሻፍት ላይ ይግጠሙት፤ ከዚያ ጎትተው አለመውጣቱን ያረጋግጡ። ሻፍቱን ሲያስገቡ በእጅዎ ደግፈው ይያዙት። ክብደቱ ሲሉ ላይ ካረፈ ጥርሱ ከንፈሩን ይቆርጠዋል፣ የአዲስ ሲል ማፍሰስ በብዛት የሚጀምረውም እዚህ ነው። ቤቱን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ በግራሶ ይሙሉት፤ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ከሞላ ወደ ውጪ ይገፋል።

የስፒንድሉ ብሎኖች በ46 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ። የኩሽኔታውን ዳዶ በ59 አጥብቀው ሞዞውን ወዲያና ወዲህ ጥቂት ጊዜ ያዙሩ፣ በእጅ እስኪዞር ያላሉት፣ እንደገና በ5.4 ያጥብቁ። የሞላ ሚዛኑን በአንዱ የጎማ ፕሪጆኒየር ላይ ሰክተው ሲስቡ ሞዞው መዞር የሚጀምረው ከ28 እስከ 56 ኒውተን፣ ማለትም ከ2.9 እስከ 5.7 ኪሎ ባለው ውስጥ መሆን አለበት። መቆለፊያውን ዳዶ በ64 ካጠበቁ በኋላ ደግመው ይለኩ፣ ምክንያቱም እሱ ሲጠብቅ የመጀመሪያውንም ይገፋዋል። ልኩ ሲመጣ አንዱን ምላስ ወደ ውስጥ፣ ሌላውን ወደ ውጪ ያጥፉ። የፍላንጁ ዳዶዎች በ35 ይጠብቃሉ። የጫፉ ቀለበት ቦታው ካልደረሰ በሻፍቱ መሀል ባለው ቀዳዳ ብሎን አስገብተው ሻፍቱን ወደ ራስዎ ይሳቡት።

ዲፈረንሻሉን በጂ.ኤል.-5 ዘይት እስከ መሙያው አፍ ሞልተው ሳይጨርሱ የአክሰሉን መተንፈሻ ይመርምሩ። በጭቃ ከተደፈነ ዘይቱ ሲሞቅ የሚፈጠረው ግፊት መውጫ አጥቶ አዲሱን ሲል አልፎ ይወጣል። ከጥቂት ቀናት ጉዞ በኋላ የቤቱን ክብ ፊት ይዩት፤ ስስ የግራሶ ቅባት ደህና ነው፣ የሚንጠባጠብ ዘይት ካለ ግን ሲሉ እንደገና ይከፈታል።