ብላስት ቢት፦ ፍጥነቱ ከጣት ነው

ብላስት ቢት በሜታል ሙዚቃ የሚዘወተር እጅግ ፈጣን የድራም አመታት ነው። በመሠረታዊው ብላስት ቢት ቀኝ እጅ ሲምባሉን (የብረት ሳህኑን)፣ ቀኝ እግር ባስ ድራሙን (በፔዳል የሚመታውን ትልቁን ከበሮ) እኩል ይመታሉ፤ ግራ እጅ ደግሞ በየመሃላቸው ስኔሩን (ከፊት ያለውን ጠፍጣፋ ከበሮ) ይመታል። ግራኝ ከሆናችሁ ገልብጡት።

ሜትሮኖሙን (ፍጥነት የሚጠብቀውን ምት ሰጪ) በደቂቃ 80 ላይ አድርጉና ለእያንዳንዱ ድምፁ አራት ምት አስገቡ፦ ሲምባል፣ ስኔር፣ ሲምባል፣ ስኔር። ሁለት ደቂቃ ሳይዛባ ከሄደላችሁ 5 ጨምሩ።

ብዙ ሰው የሚወድቀው በግራ እጁ ነው። 200 ላይ ስትደርሱ እያንዳንዱ እጅ በደቂቃ 400 ጊዜ ይመታል፤ ይህን ክንድ አይችለውም። ዱላውን በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ላላ አድርጋችሁ ያዙ፣ ጫፉን ከስኔሩ ቆዳ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ብቻ አንሱ፣ በቀሩት ሦስት ጣቶች ግፉት። ቆዳው ራሱ አንጥሮ ይመልስላችኋል። ክንዳችሁ ድንጋይ ከሆነ ወይም ካቃጠላችሁ ወዲያው አቁሙ፤ በጡንቻ የተገኘ ፍጥነት ከጥቂት ሰከንድ አያልፍም፣ ጅማትም ይጎዳል።

ሌላው እግር ነው። ልምምዳችሁን በስልክ ቅዱ፤ በ«ጠም» ፈንታ «ጠ-ጠም» ከተሰማችሁ እግሩና ሲምባሉ እኩል አልወደቁም። ስኔሩን ትታችሁ ሲምባሉንና ባስ ድራሙን ብቻ አንድ ደቂቃ ምቱ። አሁንም ካልገጠመ ከሜትሮኖሙ 10 ቀንሱ።